ስለ ፊልሞና መልእክትና ስለ የጁቤ ገበያ

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና የጻፋት መልእክት ከመልእክታቱ ሁሉ አጭሪቱ ናት፤ ምዕራፍዋ አንድ፥ ቍጥርዋም 25 ብቻ ነው። ነገርዋ ስለ አንድ ባሪያ ነው። አናሲሞስ የሚባል የፊልሞና ባሪያ ከጌታው ቤት ወጥቶ ሄደ፤ ሐዋርያው በእስራት ሳለ አገኘው፥ አስተምሮም አሳመነው፤ ከዚህም በኋላ ይህችን ደብዳቤ አስይዞ ወደ ጌታው ሰደደው። በደብዳቤውም ማዘዝ ሲቻለው ይለምናል፤ ፊልሞና ይህን ሰው ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን ከባሪያ እንደሚበልጥ እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይማልዳል፤ ዕዳም ቢኖርበት ዕዳው በሐዋርያው ላይ እንዲቈጠር ይናገራል።

ይህች አጭር መልእክት በዓለም ላይ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ አንዱ ነጻነት ነው፥ ሁለተኛው ባርነት ነው። ባሪያ አሳዳሪዎች ሲያነቧት እንዲህ ብለው ተረጐሟት፦ ሐዋርያው የኰበለለውን ባሪያ ወደ ጌታው መልሶታል፤ እንግዲያስ ባሪያን ለጌታው መመለስ የሐዋርያ ሥራ ነው። አንድም ሌሎች እንዲህ ብለው ተረጐሟት፦ ሐዋርያው ባሪያውን የመለሰው ባሪያ አድርጎ አይደለም፥ ወንድም አድርጎ ነው፤ ወንድሙንም የሚሸጥ፥ ወንድሙንም የሚገዛ ማን ነው? ቃሉ አንድ ሲሆን ትርጓሜው ሁለት ሆነ። ሁለቱ ትርጓሜዎች ሰውን ወዴት ወዴት እንደ ወሰዱት ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ በምሥራቅ ጎጃም የየጁቤን ገበያ ታሪክ መመልከት ይበቃል።

የጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በባሶ አገር ያለች ከተማ ናት፤ ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን የባሶ ገበያ ተብላ በሩቅ አገር ሳይቀር ትታወቅ ነበር። የገበያዋ ታላቅነት ከስፍራዋ የመጣ ነው። ዓባይ በጎጃምና በማዶው በጉድሩ መካከል በጥልቅ ገደል ይፈሳል፤ ከእናርያ፥ ከሊሙና ከሌላውም የደቡብ ምዕራብ አገር የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ በጉድሩ አሰንዳቦ ገበያ ላይ ዐርፎ ወንዙን ይሻገርና ወደ ባሶ ይወጣል። ከባሶም ወደ ጎንደር፥ ከጎንደርም አንዱ ወደ መተማ፥ አንዱ በዐድዋ በኩል ወደ ምጥዋ ይሄዳል። ነጋዴው ከደቡብ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ቡና ያመጣል፤ ከሰሜንም አሞሌ ጨውና ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ይወስዳል። ከዚህም ሁሉ ጋራ ሰው ይሸጥ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ገደማ በጎጃም የኖረው እንግሊዛዊው ዶክቶር ቻርልስ ቤክ የዚህን ገበያ ነገር ጽፏል።

የሚሸጡትም ሰዎች በጦርነት የተማረኩ፥ በባሪያ ፈንጋይ የተሰረቁ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ነበሩ፤ ሕፃን መንገዱን አያውቅምና ኰብልሎ ወደ እናቱ ቤት መመለስ አይችልም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ገበያ የቆመበትን አገር አስተውል። ከየጁቤ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ የተዘረጋው አገር የአብያተ ክርስቲያናትና የትምህርት አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ በዚያ ነው፤ ደብረ ወርቅ ማርያም በዚያ ናት፤ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠራቻት መርጡለ ማርያምም በዚያ ናት። የጳውሎስ መልእክታት የሚነበቡበትና የሚተረጐሙበት አገር ይህ ነው። የፊልሞና ደብዳቤ በሚነበብበት አገር አናሲሞስ በየገበያው ቀን ይሸጥ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሰው ሁሉ ልቡ ደንዳና ስለ ነበረ ነው ማለት አይበቃም። ሕግ ነበረ፤ ሕጉም ከሃይማኖት የወጣ ነበረ። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ኢብን አል ዐሳል በሚባል ክርስቲያን ሊቅ በዐረብኛ የተሰበሰበ፥ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፤ በኢትዮጵያም ለብዙ ዘመን የፍርድ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ስለ ባርነትና ስለ ነጻነት የሚናገረው አንቀጹ 31ኛው ነው። ይህ አንቀጽ ሲጀምር የሚያስደንቅ ነገር ይናገራል፤ ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻነትን በአንድነት እንደሚካፈሉ ይመሰክራል። ነገር ግን ወዲያው ዘወር ብሎ ጦርነትና የኀይል ብርታት አንዱን የሌላው አገልጋይ እንዳደረገው፥ ድል የተነሣው ለድል አድራጊው እንዲገዛ የጦርነት ሕግ እንዳዘዘ ይናገራል። ለዚህም ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ምስክር ያመጣል፤ ይኸውም እስራኤል ባሪያዎችን በዙሪያቸው ካሉት አሕዛብ እንዲገዙ የተፈቀደበት ስፍራ ነው።

እንግዲህ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለት በር ተከፈተ። በአንዱ በር የተፈጥሮ ነጻነት ይገባል፤ በሁለተኛው በር የጦርነት ሕግ ይገባል። ያው መጽሐፍ አርነት ማውጣትን ያመሰግናል፤ ምእመን የሆነውንም ባሪያ ላላመነ ሰው መሸጥን ይከለክላል። ይህ ክልከላ ለብዙ ሰዎች መጠጊያ እንደ ሆነ የታመነ ነው፤ ማተብ ያሠረ ባሪያ ባሕር ተሻግሮ እንዳይሸጥ ሕግ ይጠብቀዋልና። አስቀድሞም ንጉሠ ነገሥቱ ገላውዴዎስ በአውሮፓ ቍጥር በ1548 ክርስቲያኖችን እየያዙ በሚሸጡት ላይ ብርቱ አዋጅ አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ሃይማኖት በዚህ ወገን የነጻነት አጥር ሆነ።

ነገር ግን አጥር ውስጡን ሲጠብቅ ውጪውን ይተወዋል። አዋጁ ክርስቲያን እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ክርስቲያን ያልሆነው ሰው ግን ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ሕጉም ራሱ ለስስታም ሰው ምክንያት ይሆነዋል፤ የተጠመቀው ባሪያ ለነጋዴ የማይሸጥ ከሆነ፥ ትርፍ የሚሻ ጌታ ጥምቀቱን ለማዘግየት ይፈተናል። ከዚህም ሌላ ክርስቲያኑ ሰው በባሪያ መነገድ በሃይማኖቱ የተነቀፈ ስለ ሆነ ንግዱ በብዛት በእስላም ነጋዴዎች እጅ ገባ። ነገር ግን ነጋዴ ያለ ገዢ አይነግድም፤ ባሪያውን ገዝቶ ውሃ የሚያስቀዳው፥ እህል የሚያስፈጨው፥ ከብት የሚያስጠብቀው ክርስቲያን ነበር። ሻጩ ኀጢአተኛ ተባለ፤ ገዢው ግን እጁን ታጥቦ ወደ ቅዳሴ ሄደ።

በእስልምናም ሕግ ነገሩ እንዲሁ ነበር። የእስልምና ሕግ ነጻ የሆነውን እስላም ባሪያ ማድረግን ይከለክላል፤ ባሪያን አርነት ማውጣትንም ታላቅ ጽድቅ አድርጎ ይቈጥራል፥ ለአንዳንድ ኀጢአትም ማስተሰረያ ያደርገዋል። ነገር ግን እዚያም አጥሩ የራስን ወገን የሚጠብቅ ሆነ፤ በውጭ ያለው የሁለቱም ሃይማኖት ያልሆነው ሰው ለሁለቱም ገበያ ሆነ። በዓባይ ማዶ የተወለደው ሕፃን በአንዱ ሕግ ማተብ ስለሌለው፥ በሌላው ሕግ እስላም ስላልሆነ ተሸጠ። በሁለት መጻሕፍት መካከል ወድቆ አንዱም አላነሣውም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ ጊዜ በዚህ ነገር ላይ እጃቸውን አነሡ። እንግሊዛዊው ቆንስል ፕላውደን በ1847 ዓ.ም. ስለ ንጉሡ ሲጽፍ የባሪያ ንግድን እንደ ከለከሉ ተናግሯል፤ አስቀድሞ ተገዝተው የመጡትን በምጽዋት ለሚገዙ ክርስቲያኖች ብቻ እንዲሸጡ እንደ ፈቀዱ፥ ራሳቸውም ምሳሌ ሆነው ነጋዴዎቹ የጠየቁትን ዋጋ እየከፈሉ ባሪያዎቹን እንደ ገዙና እንዳስጠመቁ ጽፏል። ይህ ሥራ መልካም ሥራ ነው፤ ከሐዋርያውም ቃል ጋራ ይመሳሰላል፤ ዕዳውን በራሱ ላይ አስቈጥሮ ሌላውን የሚያስለቅቅ ሰው የጳውሎስን መንገድ ተከትሏልና። ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ከነጋዴው እጅ የወጣው ሰው ወደ ጥምቀት ሲገባ ፈቃዱን የጠየቀው አለን? ሐዋርያው አናሲሞስን አስቀድሞ አስተማረው፥ ከዚያ በኋላ ልጄ አለው። ከገበያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጥምቀት የተወሰደው ሰው ግን ሥጋው ነጻ ሲወጣ ኅሊናው አልተጠየቀም። ከሁለቱ ነጻነት አንዱን ተቀበለ፤ ሁለተኛው ተዘለለ።

ባሪያን የሚያስር ሰው መጽሐፉን ቢወድደውም ይፈራዋል፤ ይህም በባሕር ማዶ በግልጥ ታይቷል። በአውሮፓ ቍጥር በ1807 በሎንዶን ለእንግሊዝ የምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ባሪያዎች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከብሉይ ኪዳን አብዛኛው፥ ከሐዲስ ኪዳንም እኩሌታው ያህል አልነበረም። እስራኤል ከግብፅ ባርነት የወጡበት ታሪክ ተቈርጦ ወጣ፤ ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች በጻፈው በምዕራፍ 3 ባሪያና ጨዋ የሚለው ልዩነት በክርስቶስ እንደ ቀረ የተናገረበት ቍጥርም ወጣ። የቈረጠው እጅ ሳያውቅ መስክሯል፤ መጽሐፉ ባርነትን የሚያጸና ብቻ ቢሆን ኖሮ ምኑን ይቈርጥ ነበር?

በአሜሪካም እንዲሁ ሆነ። በ1850 የኰበለሉ ባሪያዎች ወደ ጌቶቻቸው ይመለሱ የሚል ሕግ በወጣ ጊዜ፥ ሕጉን የደገፉ ሰባኪዎች የፊልሞናን መልእክት ምስክር አድርገው አመጡ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ግን ከጌታው የሸሸውን ባሪያ ለጌታው አሳልፎ መስጠት ተከልክሏል፤ ይህን ቍጥር አላነበቡትም። ከዚህም አስቀድሞ፥ በ1830ዎቹ ዓመታት፥ ቻርልስ ኮልኮክ ጆንስ የሚባል ሰባኪ በጆርጂያ አገር ለባሪያዎች ከፊልሞና መልእክት ጠቅሶ ታዛዥነትን ሲሰብክና መኰብለልን ሲነቅፍ እኩሌታው ጉባኤ ተነሥቶ ወጥቶ እንደ ሄደ ራሱ ጽፏል። ከቀሩትም አንዳንዶቹ እንዲህ ያለ መልእክት በመጽሐፍ ቅዱስ የለም ብለው ተከራከሩት። ማንበብ የተከለከሉ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን እንዲህ ሆኖ የተተረጐመ ቃል የእግዚአብሔር ቃል እንዳይደለ ልባቸው ነግሯቸዋል።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። በ1840ዎቹ ዓመታት በኢሉባቦር ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። በልጅነቱ ከእናቱ ቤት ተሰርቆ ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ጊዜ እየተሸጠ እስከ ምጥዋ ደረሰ። በ1862 ዓ.ም. በምጥዋ ወርነር ሙንዚንገር አርነት አወጣው፤ ለስዊድን ወንጌላውያን ትምህርት ቤትም ሰጠው። ተማረ፥ አመነ፤ በ1864 ዓ.ም. ሲጠመቅም ኦነሲሞስ ተባለ፤ ይኸውም ያው አናሲሞስ ማለት ነው፥ ትርጓሜውም የሚጠቅም ማለት ነው። የትውልድ ስሙ ሂካ ደግሞ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው፤ ሥራውም እንደ ሁለቱ ስሞቹ ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሐዲስ ኪዳኑ በ1885 ዓ.ም. ገደማ፥ መላው መጽሐፍ በ1891 ዓ.ም. በግእዝ ፊደል ታተመ።

ከእርሱም ጋራ አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት ሠርታለች። እርስዋም በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ የተደረገች ነበረች፤ ይኸውም የሲራራው መንገድ ወደ ባሶ የሚነሣበት አገር ነው። በ1878 ዓ.ም. ወደ ዐረብ አገር ሊሸጥዋት በመርከብ ሲወስዷት የኢጣልያ መርከቦች አስጣልዋት፤ በምንኩሉም ተማረች። የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ 15,000 ያህል ቃል ያለበት መዝገብም አዘጋጀች፤ ከኦነሲሞስም ጋራ በ1886 ዓ.ም. ገደማ የታተመውን የንባብ መማሪያ አዘጋጀች። በገበያ ዋጋ ተቈርጦላቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች ለወገናቸው ቋንቋ መጽሐፍ ሰጡ። የጳውሎስ መልእክት በኦሮምኛ ሲነበብ፥ የአናሲሞስን ታሪክ የመለሰው አናሲሞስ ነበረ።

ታሪኩ በዚህ ቢፈጸም ደስ ባሰኘ ነበር። ነገር ግን ኦነሲሞስ በ1896 ዓ.ም. ወደ ወለጋ ተመልሶ ማስተማር በጀመረ ጊዜ በካህናት ተከሰሰ፤ በ1898 ዓ.ም. ነገሩ ወደ ጳጳሱ ወደ አቡነ ማቴዎስና ወደ ዐፄ ምኒልክ ደረሰ፤ ወደ ነቀምቴም እንዲመለስ ተፈቅዶለት መስበክ ግን ተከለከለ። በልጅ ኢያሱ ዘመን ፈቃድ አገኘ፤ በ1923 ዓ.ም. ዐረፈ። እንግዲህ ያንኑ ሰው ሃይማኖት ከባርነት አወጣው፥ በሃይማኖትም ስም አፉ ተዘጋ። አንዱ ወገን ከሳሽ፥ ሌላው ወገን ነጻ አውጪ ነው ብሎ ለመፍረድ አይቸኰል፤ መጽሐፉን ቈርጠው ያተሙትም፥ በጆርጂያ የሰበኩትም ወንጌል እንሰብካለን የሚሉ ነበሩና። ነጻነትና ጭቈና በሁለት ቤተ ክርስቲያን ተከፍለው አልተቀመጡም፤ በአንዱ ቤት፥ አንዳንድ ጊዜም በአንዱ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉ።

የአገሩም ሕግ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ ከእንግሊዝ ጋራ የባሪያ ንግድን ለመከልከል ውል አደረጉ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜ የባርነት ነገር ታላቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ባሪያዎች በየጊዜው ነጻ የሚወጡበትን ሕግ አወጡ፤ በ1923 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሻለ። ከዚህ በኋላ ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ስትወርር ባሪያ ነጻ ላወጣ መጣሁ አለች፤ በትግራይም አዋጅ ነገረች። የአዋጁን እውነት ሥራው ገለጠው፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ማርሻል ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ ባስታወቀው ቍጥር 297 መነኮሳት፥ ጥቂት ቀን ቆይቶም 129 ዲያቆናት ተገደሉ። ነጻነትን በአፍ እየጠሩ አገርን ባሪያ ማድረግ የሃይማኖት ሰዎች ኀጢአት ብቻ አይደለም፤ ቄሣርም ይህን ያውቅበታል። ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባርነት ፈጽሞ ተሻረ።

ከአዋጁ በኋላ የሰው ዋጋ በገበያ አይጠራም። ነገር ግን የሰው ዋጋ በሌላ ስፍራ ይጠራል። አያቱ ባሪያ ነበረ እየተባለ ከጋብቻ የሚከለከል፥ በማኅበር ሲቀመጥ የሚናቅ ሰው ካለ፥ የየጁቤ ገበያ ገና አልተፈታም። ገበያው ከሜዳ ተነሥቶ ወደ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ነገር ከካም ርግማን ምክንያት የሚያመጡም ነበሩ፤ መጽሐፉን ግን ደኅና አድርጎ ያነበበ ሰው ኖኅ በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 የረገመው ከነዓንን እንጂ ካምን እንዳይደለ ያያል፤ አንድ አባት በተቈጣ ጊዜ የተናገረው ቃልም ለገበያ ሕግ ሊሆን አይችልም። ሰው መስረቅ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 በሞት የሚያስቀጣ ነው፤ ሐዋርያውም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ሰው ሰራቂዎችን ከነፍሰ ገዳዮች ጋራ ቈጥሯቸዋል። እነዚህ ቃላት ገበያው ቆሞ ሳለም በመጽሐፉ ውስጥ ነበሩ። የጐደለው ቃል አልነበረም፤ የጐደለው በተሸጠው ሰው ስፍራ ቆሞ የሚያነብ ነበረ።

የሃይማኖትን ቃል ለነጻነት ወይም ለጭቈና የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቃሉን በእጁ የያዘው ሰው ለራሱ ሲያነበው ትሕትናን ቢማርበት፥ ለሌላውም ሲያነበው መብቱን ቢያሳየው፥ ቃሉ ነጻ ያወጣል። ለራሱ መብቱን፥ ለሌላው ትሕትናን ቢያነብ ግን ያው ቃል ሰንሰለት ይሆናል። ለቈላስይስ ሰዎች በተጻፈው መልእክት ባሪያዎች ይታዘዙ የሚል አለ፤ ጌቶችም በሰማይ ጌታ እንዳላቸው ዐውቀው ቅንና እኩልነት ያለውን ነገር ይስጡ የሚልም አለ። ጌታው የመጀመሪያውን ለባሪያው እየነገረ ሁለተኛውን ለራሱ ሳያነብ ከኖረ፥ መጽሐፉን ሳይቈርጥ ቈርጦታል።

ስለዚህ ወደ ፊልሞና መልእክት መመለስ ይገባል። የሚጽፈው በዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው አይደለም፥ እስረኛ ነው፤ ስለ ታሰረ ሰው የሚለምን የታሰረ ሰው ነው። ደብዳቤውም ለፊልሞና ብቻ አልተጻፈም፤ ለአፍብያ፥ ለአክርጳና በቤቱ ላለችው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ተጽፏል፤ ስለዚህ ፊልሞና ብቻውን አንብቦ ሊደብቀው አይችልም። አናሲሞስ በመልእክቱ ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ይዞ በበሩ ላይ ቆሟል። ፊልሞና ምን እንዳደረገ መጽሐፉ አልነገረንም፤ ፍርዱ ለአንባቢው የቀረ ይመስላል።

በመጨረሻም ሐዋርያው ትንሽ የምትመስል ነገር ይጨምራል፤ ፊልሞና ማደሪያ እንዲያዘጋጅለት ይለምነዋል፥ በጸሎታቸው ከእስር ተፈትቶ እንደሚመጣ ተስፋ ያደርጋልና። አንዳንዶች ይህን ስለ እንግድነት የተነገረ ነው ይላሉ። አንድም፥ ደብዳቤውን የጻፈው ራሱ መጥቶ በዚያ ቤት አናሲሞስ በምን ስፍራ እንደ ተቀመጠ፥ ከገበታው ጋራ እንደ ሆነ ወይም ከደጅ እንደ ቆመ በዓይኑ ያያል ማለት ነው።